እህል ለተከለከለ ፈረስ ምን ይጨመርለት? አንድ ጥያቄ፣ 21 መልስ

ጥያቄውን ኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ሰኞ ማታ ነው። እስከ ሐሙስ ስልኬ አላረፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው አዳማ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። አንድ ዳማ ፈረስ አለኝ። ድሮ ጋሪ ይጎትት ነበር፤ ባለቤቱ ወደ ባጃጅ ሲዞር እኔ ገዛሁት። አሁን ሥራው ቀላል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳር ያመላልሳል፣ ልጆቹ ይጋልቡታል፣ አልፎ አልፎ ለሰርግ ፎቶ ይቆማል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ሌሊት የገብሱ ጆንያ ሳይታሰር አደረና ግማሹን በላው። (ጆንያውን ሳላስር የተኛሁት እኔ ነኝ። ለቤተሰቡ ግን ልጁ ነው ብያለሁ።) በሦስተኛው ቀን የፊት ሰኮናዎቹ ጋሉ፣ መራመድ አቃተው። ሀኪሙ እንዳስረዳኝ ገብስ ሲበዛ ስታርቹ (ዱቄታሙ ክፍሉ) ትንሹ አንጀት ውስጥ ሳይፈጭ ያልፋል፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ገብቶ ይቦካል፣ ከዚያ የሚመጣው መርዝ ጦሱ ሰኮና ላይ ይወጣል። ተመስገን፣ ዳነ። ግን ከእንግዲህ እህል የሚባል ነገር እንዳታሳየው ተባልኩ።

ታዲያ ገብሱ ሲቀር ቫይታሚኑና ማዕድኑ ከየት ይምጣ? የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄጄ ስጠይቅ ሻጩ ሦስት ነገር ደረደረልኝ፤ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ መርፌ፣ የሚላስ ጡብ። የሦስቱ ዋጋ ተደምሮ ከአንድ ወር የድርቆሽ ወጪዬ ይበልጣል። የቱን ልግዛ ብዬ ጻፍኩ። በቃ ይኸው ነው ጥያቄዬ።

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ለፈረሱ ምሕረት ለምኖ ምን እንደሚበላ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚሠራ ጠየቀኝ። የሱሉልታ ድርቆሽና ትንሽ ለጋ ሳር ይበላል፣ ክብደቱም 350 ኪሎ ግድም ነው አልኩት። ሁለቱም መልሴ ስህተት እንደነበር በኋላ ታየ።

2ኛው ዶሮ አርቢ ነው። ለጫጩቶቹ ውሃ ውስጥ የሚበጠብጠውን የቫይታሚን ዱቄት ለአጎቱ ፈረስ ሰጥቶ ፀጉሩ በሳምንት ውስጥ እንደ መስታወት አብረቀረቀ ይላል። ርካሽ ነው፣ ዝም ብለህ ስጠው የሚል ምክር። አምስት ሰው ወደደለት። እኔም ወደድኩለት፣ አልዋሽም።

3ኛዋ የእንስሳት ሀኪም ናት፤ ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው የተመረቀችው። የጻፈችው ረጅም ነው፣ ግን ከሁሉም ብዙ የተማርኩት ከእሷ ነው። ፈረስ ቫይታሚን ሲን ጉበቱ ውስጥ ራሱ ይሠራል። የቢ ዘሮችንና ኬን ትልቁ አንጀቱ ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ይሠሩለታል። ቫይታሚን ዲን ፀሐይ ትሰጠዋለች፤ አዳማ ላይ ፀሐይ ጠፋ የሚል ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ እሽጉ ላይ በትልቁ የተጻፈው የቫይታሚን ዝርዝር አብዛኛው ፈረሱ በነፃ የሚያገኘው ነው። ለጋ ሳር ለማያገኝ፣ ድርቆሽ ብቻ ለሚበላ ፈረስ የሚጎድለው ኤ እና ኢ ነው። ሳሩ ሲደርቅና ወራት ሲቀመጥ ሁለቱም እየጠፉ ይሄዳሉ፤ ድርቆሹ አረንጓዴነቱን ለቆ ገለባ ከመሰለ ቫይታሚን ኤውም አብሮ ሄዷል ማለት ነው። ከማዕድን ደግሞ ጨው ሁልጊዜ ይጎድላል፣ መዳብና ዚንክም ብዙ ጊዜ ያንሳሉ። ብረት ግን ሳር ውስጥ ተርፎ ስለሚገኝ መጨመር አያስፈልግም።

ከዚያ 350 ኪሎ ማለቴን አላመነችም። የአገራችን ፈረስ ያን ያህል ብዙ አይመዝንም ብላ መለኪያ ሰጠችኝ። ከትከሻው ኋላ የደረቱ ዙሪያ በሴንቲሜትር ይለካል፣ በራሱ ይባዛል። ያ ደግሞ ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት ባለው ርዝመት ይባዛል፣ ከዚያ ለ11,880 ይካፈላል። ማታውኑ በባለቤቴ የልብስ ስፌት ሜትር ለካሁት። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 135። 239 ኪሎ! ለ350 ኪሎ አስቤ ብሰጠው ኖሮ ሁሉንም ነገር በግማሽ ገደማ አብዝቼ ነበር የምሰጠው።

ቁጥሩን ስልክላት ስሌቱን መልሳ ላከችው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2007 ያወጣውን ሠንጠረዥ ይዛ ነው። ለዚህ ክብደት፣ ከባድ ሥራ ለሌለው ፈረስ፣ በቀን ካልሲየም 9.6 ግራም፣ ፎስፈረስ 6.7 ግራም፣ መዳብ 48 ሚሊ ግራም፣ ዚንክ 190 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ቫይታሚን ኢ 240 ዩኒት። ጨው ሁለት የሻይ ማንኪያ፤ በሙቀት ሲሠራና ሲያልበው ግን ከዚያ በብዙ ይጨምራል። ድርቆሹም በቀን 5 ኪሎ ተኩል ገደማ።

4ኛው መላሽ ሲገባ ጨዋታው ተቀየረ። ሠላሳ ዓመት ጋሪ የነዱ አባት ናቸው። ፈረሶቻቸው ሁሉ በፉርሽካና በጤፍ ጭድ እንደኖሩ፣ ማታ አንድ ቁራጭ አሞሌ እንደሚያስልሱ፣ ቫይታሚን የሚባል ነገር ደጃቸው ደርሶ እንደማያውቅ ጻፉ። ልጄ፣ ገንዘብህን አታባክን፣ እህል ከተከለከለ ፉርሽካ ስጠው፣ ፉርሽካ እህል አይደለም የሚል ነው ሐሳባቸው። ተጽፎ ሳነበው ድምፃቸው የተሰማኝ መሰለኝ።

5ኛው እዚህ ላይ ቆመ። ፉርሽካ እህል ነው ወይስ አይደለም? የስንዴ ልብስ እንጂ ስንዴ አይደለም ያለ አለ፤ ወፍጮ ቤት የሚሠራ አንድ ልጅ (6ኛው) ደግሞ ዱቄት ተጣብቆበት የማይወጣ ፉርሽካ አይቶ እንደማያውቅ ነገረን። እኔ በግሌ ስለ ቃሉ ይህን ያህል መጨቃጨቅ አይገባኝም። ስታርች አለበት፣ የእኔ ፈረስ ደግሞ ስታርች ነው የተከለከለው፤ አለቀ።

ሀኪሟ ግን በ7ኛው መልስ ተመልሳ የፉርሽካ ችግር ከስታርቹ ይልቅ ፎስፈረሱ መሆኑን አስረዳች። አንድ ኪሎ ፉርሽካ ውስጥ ፎስፈረስ 10 ግራም ገደማ አለ፣ ካልሲየሙ ግን ከ1 ግራም ብዙም አይዘልም። ለፈረስ መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው፤ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ቢበልጥ ይመረጣል፣ ቢያንስ ደግሞ እኩል መሆን አለበት። ፎስፈረስ ሲበዛ ካልሲየሙ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ደም ካልሲየም ካጣ ከአጥንት ይበደራል። ብድሩ ሲደጋገም አጥንቱ ይሳሳና በቦታው ለስላሳ ነገር ይሞላል። መጀመሪያ የሚታየው ፊት ላይ ነው። ጉንጭና አፍንጫው በሁለቱም በኩል ያብጣል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ዛሬ በዚህ ነገ በዚያ እግር ያነክሳል። ፈረንጆቹ የበሽታውን ስም ትልቅ ራስ ይሉታል።

8ኛው መልስ እንደገና የባለጋሪው ነው። ጀመር ያደረጉት በቁጣ ነው። የዛሬ ልጆች ወረቀት እንጂ ፈረስ አላያችሁም ዓይነት። መሃል ላይ ግን ቀዝቀዝ አሉ። አንድ ቡላ ፈረስ ነበራቸው፣ ከሁሉ የሚወዱት። ፊቱ ግራና ቀኝ አበጠ። ቡዳ ነው ተባለ፣ በጋለ ብረት አስተኮሱት። አልዳነም። ጥርሱ እየረገፈ ጭድ ማኘክ አቅቶት ሞተ። ያኔ ፉርሽካ ርካሽ ስለነበር በቀን ሦስት ኪሎ ይሰጡት እንደነበር ጨመሩ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፉም። እኔም ስልኬን አስቀምጬ ወጥቼ ፈረሴን አየሁት።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይሻል ነበር። 9ኛው ግን አላለም። አዛውንቱን አንተ እያለ፣ ፈረሱን የገደልከው ራስህ ነህ ብሎ ጻፈ። 10ኛው ወዲያው ተነሳበት። ሽማግሌ ሰው አንተ አይባልም፣ ይቅርታ ጠይቅ አለው። 9ኛው መድረኩ ላይ ሁሉም እኩል ነው ብሎ መለሰ። 11ኛው ደግሞ እኩልነትና ብልግና ለየቅል ናቸው አለው። ጠብ ሊሆን ሲል እኔ ጥያቄው ስለ ፈረስ እንደሆነ አስታወስኳቸውና በረደ። ይቅርታ ግን አልተጠየቀም።

12ኛው ወደ 2ኛው መልስ መለሰን፣ በጣም ቆጣ ብሎ። የዶሮ መኖ መቀላቀያ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። የዶሮ ነገር ለፈረስ አይሰጥም፣ ነጥብ። ምክንያቱ ቫይታሚኑ አይደለም፤ ብዙ የዶሮ መኖና መቀላቀያ ውስጥ ኮክሲዲያ የሚባለውን የዶሮ አንጀት በሽታ የሚከላከል እንደ ሞኔንሲን ወይም ሳሊኖማይሲን ያለ መድኃኒት ይገባል። ዶሮ ይጠቀምበታል፣ ፈረስን ግን የልብ ጡንቻውን መትቶ ይገድለዋል። ትንሽም ይበቃል። ለከብት የሚዘጋጅ መኖ ውስጥም ሞኔንሲን ሊኖር ስለሚችል የእሽጉን ጽሑፍ ሳያነቡ ለፈረስ ማቅረብ አይገባም አለ። ዶሮ አርቢው የእሽጉን ፎቶ አመጣ። በእርግጥም ቫይታሚን ብቻ ነው፣ መድኃኒት የለበትም። ቢሆንም ያ ዱቄት አብዛኛው ቢ ነው፤ ፈረሱ ራሱ የሚሠራውን በብር መግዛት። ፀጉሩ ስለማብረቅረቁ ሲጠየቅ፣ በዚያው ሳምንት የሆድ ትል መድኃኒትም እንደወሰደ አመነ። ሳቅ በሳቅ ሆንን።

መርፌውን የዘጋው 13ኛው ነው፤ አጭር መልስ። መድኃኒት ቤቱ ያቀረበልኝ መርፌ ብረት አለበት ወይ ብሎ ጠየቀ። አለበት አልኩ። ብረት በመርፌ ፈረስን ድንገት ሊጥለው እንደሚችል፣ ደም ማነስ የሚመስል ፈረስ ሲያጋጥም ደግሞ መጀመሪያ መታየት ያለበት ትሉ እንደሆነ ነገረኝና ጠፋ።

14ኛው ካልሲየም ካነሰ ኖራ ጨምርበት አለ። በቅን ልቦና ነው። ግን ሰው ሁሉ ተንጫጫበት፣ ልክም ነበሩ። ግንበኛ የሚጠቀምበት የተቃጠለ ኖራ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። የሚሰጠው ሳይቃጠል የተፈጨ፣ ለመኖ ተብሎ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ መኖ አቀነባባሪዎች ለዶሮ ዕንቁላል ቅርፊት የሚጨምሩት ዓይነት። አንድ መቶ ግራሙ 38 ግራም ገደማ ካልሲየም አለው። ስም መመሳሰሉ ነው ጣጣው።

ዱቄቱን ፈረሱ እንቢ ካለ በሞላሰስ ለውሰው ያለም ነበር። ስኳር ፋብሪካ አጠገባችን ስላለ ሞላሰስ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ይመስለናል። ሰኮናው በስታርች የታመመ ፈረስን በስኳር ማባበል ግን መልሶ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። ውሃ ነስንሶ ከተከተፈ ሳር ጋር ማሸት ይበቃል።

15ኛዋ የወንጂ ሴት ናት፣ ላምም ፈረስም አላት። ነገሩን የገለበጠችው እሷ ናት። ለጋ ሳር ያልከው ምን ዓይነት ሳር ነው ብላ ጠየቀችኝ። ዝሆኔ ሳር ነዋ! ከቦዩ ዳር አጭጄ ነው የማመጣው። ነፃ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ የጎረቤቴ ላም በእሱ ነው የወፈረችው። እሷም ስትፈራው የነበረው ይኸው መሆኑን ጻፈች። ዝሆኔ ሳር ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ነገር አለ፤ ካልሲየሙን አንጀት ውስጥ አስሮ ይዞት ይወጣል። የላም ጨጓራ ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ኦክሳሌቱን ስለሚፈጩት ላም አትጎዳም። ፈረስ ግን ካልሲየሙ ወደ ደም የሚገባው ምግቡ ተህዋስያኑ ጋ ሳይደርስ ነው፣ ስለዚህ ካልሲየሙ በፋንድያ ይሄዳል። ሳሩ ቢመረመር ወረቀቱ ላይ በቂ ካልሲየም ሊታይ ይችላል፣ ፈረሱ ግን አያገኘውም። ማለትም እኔ ፉርሽካ ሳልነካ በሌላ በር ወደዚያው ወደ ቡላው ፈረስ በሽታ እየሄድኩ ነበር። ያውም አረንጓዴ ሳር አበላሁ ብዬ እየኮራሁ።

ደግሞ ሌላ ነገር አነሳች። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ በወንጂ የድሮ ጉድጓዶች ግን ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ተገኝቶ ሠራተኞች ላይ የጥርስና የአጥንት ጉዳት አድርሷል። ፍሎራይዱ በወጉ ያልወጣለት የፎስፌት ማዕድን ደግሞ ራሱ ፍሎራይድ ይጨምራል። ፈረሱ ጉድጓድ ውሃ ከጠጣ ፎስፌት ያለበትን ጡብ ከማስላስ በፊት ውሃውን ቀይርለት አለችኝ። መፍትሔዋም ቀላል ነበር። ዝሆኔው ዋና ምግብ መሆኑ ይቅር፣ በቀን አንድ ኪሎ የደረቀ አልፋልፋ የሚባል የመኖ ተክል ይግባ። አንድ ኪሎው 12 ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ የሚያስፈልገው 9.6 ነው። ስኳሩም ስታርቹም ትንሽ ነው። ጨው ለብቻው ይቅረብ። ስለ ቦሌ አፈር፣ ከብት ስለሚልሰው ጨዋማ አፈር፣ ስጠይቃት፣ ከብቶቿ እንደሚወዱት፣ ነገር ግን ይዘቱ ከጉድጓድ ጉድጓድ ስለሚለያይ ለፈረሷ በልክ የሚሰጥ ነገር አድርጋ እንደማትቆጥረው ነገረችኝ።

16ኛው ሚኒሶታ ያለ ወንድማችን ነው። እዚያ ባላንሰር የሚባል ነገር አለ፤ እህሉን ትቶ ማዕድንና ቫይታሚኑን ብቻ የያዘ ጥራጥሬ መሳይ መኖ ነው፣ በቀን ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ሰው ሲመጣ ልላክልህ አለኝ፣ እግዜር ይስጠው። ሴሌኒየም የሚባለውን ማዕድንም ለብቻው ልጨምርልህ ሲል ግን ሀኪሟ ከለከለች። ለእኔ ፈረስ የሚያስፈልገው በቀን ግማሽ ሚሊ ግራም ነው። ከመጠን ካለፈ ጋማና ጭራው ይረግፋል፣ ሰኮናው ይሰነጠቃል። ሁለት እሽግ ላይ ሴሌኒየም ተጽፎ ካየህ አንዱን ተው ነው ያለችው። ከሱ ይልቅ የሰው ቫይታሚን ኢ ካፕሱል፣ 400 ዩኒቱን፣ በጋ በጋውን በቀን አንድ ቢሰጠው ለ240 ኪሎ ፈረስ ይበቃዋል። 17ኛው ገባና እኛ ዘይት ተወደደብን እናንተ ለፈረስ ካፕሱል ትላላችሁ አለ። ምን ይመለሳል?

ከዚህ በኋላ ወሬው ሸፈተ። አንዱ ስለ ተልባ ጀመረ፤ ዘይቱ ለፀጉር ጥሩ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ተፈጭቶ ደረቁን ወይም በደንብ ፈልቶ እንጂ ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ማደር የለበትም፤ ሲዘፈዘፍ ሲያናይድ ይወጣዋል። ከቀደሙት መላሾች አንዱ፣ ቀድሞም ቆጣ ያለው፣ ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ የሚለውን ተረት ጥሎ ሄደ፤ ማንን እንደሆነ አላወቅንም። ከተረቱ ወደ ነገሥታት የፈረስ ስም ተዛወሩ። አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ጠቅል እየተባለ ተቆጠረ፤ አባ ቃኘው የራስ መኮንን ነው አይደለም ብለው ሁለት ሰዎች እስከ እኩለ ሌሊት ተሟገቱ። ነው። የእኔ ፈረስ ስም የለውም፤ ዳማው ነው የምንለው፤ ሦስት ስም ቀረበለት፣ ልጆቼ አንዱንም አልተቀበሉም።

20ኛው መልስ የሀኪሟ የመጨረሻ ነው። ከቢ ዘሮች አንዱ የሆነው ባዮቲን ለሰኮና ይጠቅማል ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። በቀን እስከ 20 ሚሊ ግራም ሲሰጥ የአንዳንድ ፈረሶችን ደካማ ሰኮና አጠንክሯል፣ ግን ወራት ይፈጃል። ሰኮና በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከላይ እስከ ታች ተለውጦ ለመጨረስ ዓመት ገደማ ይወስዳል። በሁለት ሳምንት ሰኮናውን ያደሰ ዱቄት አለኝ የሚል ሰው ካጋጠመህ ቦርሳህን ያዝ ነው ነገሩ። ከዚያ በፊት ጥርሱን አስሞርድ፣ ፋንድያውን አስመርምር አለች።

ያደረግኩት ይህን ነው። አልፋልፋ ገዛሁ፣ አንድ ቁራጭ አሞሌ ጋጣው ውስጥ ሰቀልኩ፣ ዝሆኔውን ለጎረቤቴ ላም ለቀቅኩላት። መዳብና ዚንክ ያለበት፣ ብረት የሌለበት የፈረስ ማዕድን ሀኪሟ እያፈላለገችልኝ ነው። ሻጩን ደግሞ ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ፣ አልገባም።

21ኛው መልስ ሐሙስ ማታ መጣ። ባለጋሪው ናቸው። የመለኪያው ስሌት ጠፍቶባቸው ደግሜ እንድጽፍላቸው፣ አልፋልፋውንም ከየት እንደገዛሁ እንድነግራቸው ጠየቁ። በስንዝር ለክተው ስላልሠራላቸው ነው። አርብ ጠዋት ሜትሩን ይዤ ሄድኩ። ፈረሳቸው አርጅቷል፣ ግን ቆሞ ያስለካል። ዙሪያው 138፣ ርዝመቱ 128። በስልኬ አስልቼ 205 ኪሎ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። አራት ሰውና ሁለት ኩንታል የሚጎትት ፈረስ 205 ኪሎ ሊሆን አይችልም፣ ሜትሩ የልብስ ሰፊ ነው ብለው እንደገና አስለኩኝ።